ኮች ማይሎን ያቆመችው ሴት

ቨርና ዶሌዛል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ አንገቷን አታዞርም። ሃምሳ ልጅ ከኋላዋ ቢንጫጫ፣ ወንበር ላይ ቢወጣ፣ ሳንድዊች ቢወራወር፣ እሷ በመስታወቱ አይታ አንድ ስም ትጠራለች፤ አለቀ፣ ጸጥ ይላል። "አንተ ባለ ቀይ ኮፍያ! እግርህን ከመተላለፊያው ሰብስብ!" ካለች የባለ ቀይ ኮፍያው ብቻ ሳይሆን የሁሉም እግር ይሰበሰባል። ዛሬ ጢም አብቅለው ትራክተር የሚነዱ ሰዎች ነዳጅ ማደያ ላይ ድንገት ሲያገኟት ሳያስቡት እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ድምፅ ማለት የእሷ ነው። ታዲያ ይህች ሴት ናት በአንድ የመስከረም እሑድ ምላሷ የተሳሰረው። ሰው ጉድ ነው መቼም።

የሽጉጥ ተኩስ ክለቡ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በነብራስካ የበቆሎ ማሳዎች መሃል፣ ጠጠሩ ወጥቶ ባለቀ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በየወሩ አንድ እሑድ ገበሬው፣ መካኒኩ፣ የባንክ ገንዘብ ተቀባዩ ሽጉጡን ታጥቆ እዚያ ይሰበሰባል። ቆሞ አንድ ክብ ላይ ማነጣጠር የለም። ሰዓት መቁጠሪያው ጢጥ ሲል ሽጉጥህን መዘህ፣ እየሮጥክ፣ በእንጨት ግድግዳ ቀዳዳ እያጮለቅክ፣ በርሜል ሥር እያጎነበስክ፣ የካርቶኑን ዒላማ ሁለት ሁለቴ መትተህ፣ የብረቱን ዒላማ መትተህ ጥለህ ትጨርሳለህ። ሳይስት ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። ስቶ ቶሎ የጨረሰማ ያው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። አንዱ ሲጨርስ የቀሩት ተንጋግተው ይገቡና የካርቶኑን ቀዳዳ በተለጣፊ ወረቀት ይደፍናሉ፣ የወደቀውን ብረት ያቆማሉ፣ ቀለህ ይለቅማሉ። ሃብታም ሁን ደሃ፣ የማይለጥፍ ሰው እዚያ ወዳጅ የለውም።

ቨርናን ወደዚህ ያመጣት ሩዲ ሶቦትካ ነው፤ የስጋ ቤቱ ባለቤት፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ባንኮኒው ላይ የሚደርሰው። አንድ ቀን ስጋ እየመዘነላት፣ "አንቺ እኮ በጩኸት ብቻ ነው የምታስፈሪው፤ ሽጉጥ ቢሰጡሽ አይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትተኩሺው" አላት። እሷም "የት ነው ቦታው?" አለች። ቀልድ መስሎት ነበር። በሚቀጥለው የጀማሪዎች ትምህርት ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አገኛት።

ትምህርቱን የሚሰጠው ማይሎ ክራትኪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ፣ ሰባውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ እንደ ጨው የተመጠነ ሽማግሌ። ሁሉም ኮች ይለዋል። በመጀመሪያው ቀን ጥይት የሚባል ነገር አላሳያቸውም። በባዶ እጅ፣ በጣት እያነጣጠሩ፣ ጠዋቱን ሙሉ አስኬዳቸው።

"ጣትሽ የት ነው ያለው?" ይላታል።

"እጄ ላይ።"

"ቃታው ላይ ነው ያለው። እንደገና።"

ትሄዳለች። "አሁንስ ጣትሽ የት ነው?"

"ኮች፣ ቆርጬ ልስጥዎት?"

"አልጠላም። እንደገና።"

ከዚያ መሬት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ገመድ ዘረጋና በላዩ አቆማት። "ከገመዱ ወዲያ ያለው የጥይት ነው፤ ወዲህ ያለው የእኛ። በሄድሽበት ሁሉ ይህ መስመር ደረትሽ ላይ አብሮሽ ይሄዳል። አፈሙዝሽ ወዲህ ከዞረ፣ ተኮስሽም አልተኮስሽም፣ የዚያን ቀን ጨዋታሽ አበቃ።"

"በስህተት ቢሆንስ?"

"ሆን ብሎማ ማን ያደርገዋል?"

የመጀመሪያ ውድድሯ የመንደር መሳቂያ ነበር። ብዙዎቹ ተኳሾች ሽጉጡን የሚያቀባብሉት ለዚሁ ብቻ በምትያዝ፣ አንዲት ጥይት ባለባት ካዝና ነው፤ አቀባብለው እሷን ያወጡና ሙሉዋን ይከታሉ። ቨርና አቀባበለች፣ መለወጡን ግን ረሳች። ጢጥ ሲል መዘዘች፣ አንድ ተኮሰች፣ ከዚያ ቃታውን ብትስብ ብትስብ ምንም የለም።

"አንድ ለእናቱ!" ብሎ ጮኸ ሩዲ፣ ሳቁ እስከ በቆሎው ተሰማ።

ቨርና ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ልትወጣ ስትል ማይሎ በአጠገቧ አለፈና፣ "ይህን ያላደረገ እዚህ የለም። ሩዲ ሁለቴ አድርጎታል፤ አንደኛውን ሚስቱ ቆማ እያየችው" አላት። ቀረች። እንዲያውም ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ውድድር አልቀረችም።

እንዲህ እያለች ሩጫዋን አበጀች፣ እጇን አፍጥና ዓይኗን አሳረፈች። አንድ የሐምሌ እሑድ ሽጉጧ መሃል ላይ ተሰበረባት። ሩዲ በነጥብ ከሥሯ ሆኖ ሊያልፋት ይተናነቃት ነበር፤ ዝም ቢል አልፏት ነበር። ቀበቶውን ፈታና ሽጉጡን ከነአፎቱ አስታጠቃት። በዚያው ሽጉጥ አሸነፈችው። እስከ ዛሬ ስጋ ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ "በገዛ መሣሪያዬ ገደለችኝ" እያለ ያወራዋል፤ የሰማው እንግዳ ሰው ይደነግጣል።

ማይሎም ዓይኗን አየ። አውቶቡስ ሙሉ ልጅ በመስታወት የሚጠብቅ ዓይን በየቦታው አይገኝም። ሰዓት መቁጠሪያውን ሰጣትና የመስመር ዳኛ አደረጋት። ዳኛ ማለት ተኳሹን በሽጉጡ በኩል አንድ ክንድ ርቆ የሚከተል፣ ዒላማውን ትቶ ጣትና አፈሙዝ ብቻ የሚያይ ነው። በመስመሩ ላይ ጌታም ሎሌም የለም፤ ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ነው፣ አንቱታ የለውም። ቨርና ሥራውን ወደደችው። ማይሎን ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ከወለዳት አባቷ አብልጣ ወደደችው። አባቷ አንድ ቀን "ጎበዝ" ብሏት አያውቅም፤ ማይሎ በዓመት አንዴ ይል ነበር፣ ያቺም ለዓመት ትበቃት ነበር።

ማይሎ አንድ ኩራት ነበረው፤ ሠላሳ ዓመት ሲወዳደር አንድም ቀን ተባርሮ አያውቅም። ትልልቅ ዋንጫ የወሰዱ ሰዎች ተባርረዋል፤ ሩዲማ ቁጥሩ አይታወቅም። ማይሎ ግን ንጹሕ። በዚያ ዓመት ቀኝ የእጅ አንጓው ታመመ፤ ቡናውን በግራ እጁ ሲይዝ፣ የካዝና መያዣውን ክዳን በጥርሱ ሲስብ ቨርና አይታዋለች። በነሐሴ፣ የዒላማ እንጨት አብረው ሲጭኑ፣ "የመስከረሙን ተኩሼ ቀበቶዬን እሰቅላለሁ" አላት። "እንደ ገባሁ እወጣለሁ፣ አንድ ነውር ሳይገኝብኝ።"

"ምን ሊገኝብዎት?" አለችው። ልቧ ግን ፈራ።

የመስከረሙ እሑድ መጣ። ብሩህ ቀን፣ ነፋሱ ከበቆሎው አቧራ ይዞ የሚመጣበት። በቡድናቸው ቨርና ዳኛ፣ ማይሎ፣ ሩዲ፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ነባሮች፣ ደግሞም ጆሊን የምትባል አዲስ ሴት ነበሩ፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ሠራተኛ፣ የማይሎን ትምህርት በነሐሴ የጨረሰች፣ ቀበቶዋ ገና የሱቅ ሽታ ያለው።

በጠዋቱ ዙር ማይሎ ከቀኝ ተኩሶ ወደ ግራ መሮጥ ነበረበት፣ እየሮጠም ካዝና መለወጥ። ቀኝ እጀኛ ሰው ወደ ግራ ሲሮጥ አንጓውን ወደ ውጪ መቆልመም አለበት፣ አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ እንዳይወጣ። የታመመ አንጓ ደግሞ አይቆለመምም። ቨርና በአንድ ክንድ ርቀት ሆና አየችው፤ አፈሙዙ ዞረ፣ መስመሩ ላይ ደረሰ፣ በትንሹ አለፈ፣ ተመለሰ። በዚያ በኩል ከአፈር ቁልል በቀር ማንም አልነበረም። አፏ ተከፈተ። ድምፅ ግን አልወጣም።

"መስመሩ ላይ ነበር" አለች በልቧ። "እርግጠኛ ያልሆነ ዳኛ ጥፋት አይጥራ ነው ሕጉ።" ሕጉስ እንዲያ ነው። እሷ ግን እርግጠኛ ነበረች፤ ችግሩም ይኸው ነው። ማይሎ ጨርሶ ሽጉጡን ሲከት ዓይኗን ከዓይኑ አሸሽታ ሰዓት መቁጠሪያው ላይ ተከለች። ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ግን ይነቅዛል።

ምሳ ላይ ሩዲ ያጨሰውን ቋሊማ አወጣ። እሷ ዳቦውን ይዛ ቁጭ።

"ምን ሆነሻል? መርዝ ያለበት መሰለሽ?"

"አልራበኝም።"

"ቨርና ያልራባት ቀን ዓለም ሊያልፍ ነው። ጆሊን፣ ነይ የእሷን ውሰጂ፣ ይህ ዕድል አይገኝም።"

ጆሊን ሳቀች። ማይሎ ራቅ ብሎ የጭነት መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፣ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጣሳ አንጓው ላይ አድርጎ። ወደ ቨርና አላየም፤ እሷም ወደሱ አላየችም። ሁለት ሰዎች እንዲህ ተጠንቅቀው ሳይተያዩ ሲቀሩ ከመተያየት ይብሳል።

የመጨረሻውን ዙር የነደፈው ሩዲ ነበርና፣ እንደ ነዳፊው፣ ሰፊ ነበር፤ ከቀኝ ጥግ እስከ ግራ ጥግ የሚያስሮጥ። ቨርና መቁጠሪያውን ለሌላ ሰው ልስጥ አለች በሐሳቧ። "ራሴን አሞኛል" ብትል ማን ይጠይቃታል? እጇን ዘርግታ ሁሉ ነበር። መልሳ ሰበሰበችው። የሚሰጡት ነገር ቢሆን ከጠዋት በፊት ነበር።

ማይሎ መስመሩ ላይ ቆመ። ከሁሉ መጨረሻ ተኳሽ እሱ ነው። ሩዲ፣ ጆሊንና ሌሎቹ ከኋላ በስተግራ፣ ጥላው ሥር ተኮልኩለው ያያሉ፤ ሽማግሌው ቀበቶ የሚሰቅልበት ዙር መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

"ሙላና ተዘጋጅ" አለች። አቀባበለ፣ ካዝናውን ለወጠ፣ ሽጉጡን ከተተ፣ እጆቹን ለቀቀ። "ዝግጁ ነህ? ጠብቅ።"

ጢጥ።

የቀኙን ጎን እንዴት እንደተኮሰው ልንገራችሁ? ሠላሳ ዓመት በእጁ ላይ ነበር። ሁለት ሁለት፣ ሁለት ሁለት፣ ብረቱ ኳ፣ ኳ፣ አንድ የሳተ ጥይት የለም። ሩዲ "ይሄ ነው!" ሲል ቨርና ሰማችው፤ እሷም ደስታው አንገቷ ድረስ ደረሰ። ምናለ እዚያው ቢያልቅ።

ማይሎ ወደ ግራ ሮጠ። ባዶው ካዝና ወደቀ፣ ግራ እጁ ሙሉውን ከቀበቶው መዘዘ፣ ቀኝ አንጓው ሊቆለመም ሞክሮ እንቢ አለ። አፈሙዙ ወደ ግራ ዞረ፣ መስመሩን አለፈ፣ አሁንም ዞረ። ቨርና ጥቁሯን ቀዳዳ ተከትላ አሻግራ አየች፤ ጆሊን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ፈገግ ብላ ቆማለች።

"አቁም!"

እንዲህ ያለ ድምፅ በአውቶቡሷም አውጥታ አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ማይሎ እንደ ሐውልት ደረቀ። ጣቱ ከቃታው ውጪ ነበር፣ እሱስ ነበር፤ አፈሙዙን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት መለሰ።

"ካዝናውን አውጣ። ባዶ መሆኑን አሳይ። ክተት።" ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ግን አንድም አልተለወጠም።

አወጣ፣ አሳየ፣ ከተተ። ከዚያ ዞሮ አያት። "እርግጠኛ ነሽ?"

"መስመሩን አልፈሃል። ለዛሬ አበቃ።"

በዚያ ሜዳ የተባረረ ሰው የዳኛውን እጅ ጨብጦ ነው የሚሄደው፤ ልማድ ነው፣ ሩዲ እንኳ ስንቴ ጨብጧል። ማይሎ አልጨበጣትም። ቀበቶውን ፈቶ ትከሻው ላይ ጣለና ወደ መኪናው ሄደ።

ሩዲ ተለጣፊውን አንስቶ፣ "ምን ትጠብቃላችሁ? ካርቶኑ ራሱን አይለጥፍም!" ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቨርና አጠገብ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምናለ ብታልፊው? የመጨረሻው ነበር እኮ" አላት።

"አፈሙዙ ያየው እናንተን ነው፣ አንተ ደንቆሮ! አንተንና ጆሊንን!"

"እኔንማ ጥይት አይበሳኝም፣ እንደምታዪው..." ሆዱን ሊመታ እጁን አነሳ፤ ከዚያ ጆሊንን አየ፣ እጁን መለሰ። ለሩዲ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማይሎ ወዲያው አልሄደም፤ የእሱ ነገር፣ ሥራ ሳያልቅ አይሄድም። በግራ እጁ የዒላማ እንጨቶቹን አንድ ባንድ መጋዘን አስገባ። ሲጨርስ ከማንም ጋር ሳይሰነባበት መኪናውን አስነሳ። ቨርና አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየችው፣ ከዚያ አውቶቡስ ነጂዋ፣ ያቺ ሃምሳ ልጅ በስም የምታቆም ሴት፣ መጋዘኑ ጀርባ ገብታ አለቀሰች።

የማይሎ ቤት በአውቶቡሷ መንገድ ላይ ነው። ድሮ ስታልፍ በረንዳው ላይ ሆኖ ሁለት ጣቱን ያነሳላት ነበር። ከዚያ እሑድ በኋላ በረንዳው ባዶ ሆነ። ጥሩንባ ልንፋ ትላለች፣ ትተወዋለች። ስልክ ልደውል ትላለች፣ ምን ልትል? "ያደረግሁት ትክክል ነው" ልትለው? እሱንማ ራሱ ነው ያስተማራት። "አጣሁት" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ፣ ጮክ ብላ፣ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ።

በጥቅምት መግቢያ ስጋ ቤት ስትሄድ ሩዲ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ "ኮች ደውሎልኝ ነበር" አላት።

"ምን አለ?"

"የሚመጣውን የጀማሪዎች ትምህርት አንቺ እንድታስተምሪ።"

"እሱስ?"

"የተባረረ ሰው ትምህርቱን እንደገና ካልተማረ ሜዳው አይገባም፤ ራሱ ያወጣው ሕግ እኮ ነው፣ እኔንስ ስንቴ አስደግሞኛል። ተማሪና አስተማሪ በአንዴ መሆን አልችልም አለ።" ሩዲ ቋሊማ ጠቀለለላት። "ይሄ የእኔ ግብዣ ነው። ያስፈልግሻል።"

የትምህርቱ ቀን ቨርና ቀድማ ደረሰች፤ ማይሎ ከእሷም ቀድሞ ነበር። ከፊት ረድፍ፣ ከልጆቹ ልጆች እኩያ ከሆኑ ጀማሪዎች መሃል፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አንጓው በማሰሪያ ተጠፍሯል። ሰላምታዋን በአንገቱ መለሰ። እሷም ጀመረች። ጣት፣ አፈሙዝ፣ መስመር። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጠነ፣ በኋላ ሠራላት፤ ልጆቹ ሲስቁ ሳቀች፣ ሲሳሳቱ "እንደገና" አለች። ስለ ዳኛ ሥራ ስታወራ ማይሎ ግራ እጁን አነሳ።

"ጥያቄ አለኝ።"

"ይጠይቁ።"

"ዳኛዋ አይታ ዝም ብትልስ?"

አየኝ፣ ለካ በዚያ ጠዋት ዓይኔን ሳሸሽ አይቶኛል አለች በልቧ። ተማሪዎቹ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያሉ። መሸሻ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር መሸሽም አልፈለገችም።

"ዝም ያለችው ዳኛ እኔ ነኝ" አለች። "በመስከረም፣ አንድ የምወደው ሰው ጠዋት ላይ መስመሩን አለፈ። አየሁ። ማንም የለም፣ ትንሽ ነው፣ የመጨረሻው ነው ብዬ ዋጥኩት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አለፈ፤ ያን ጊዜ ከአፈሙዙ ፊት ሰው ነበር። ጠዋት ጠርቼው ቢሆን ከሰዓት በኋላው ባልኖረ ነበር። ዕድል ናት ያዳነችን፣ እኔ አይደለሁም።"

ማይሎ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ። ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

"ያ ተኳሽ እኔ ነኝ" አለ። "ጠዋት ማለፌን አውቄዋለሁ። ማንም ሳይጠራኝ እጄን አንስቼ ሽጉጤን መክተት ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት ንጹሕ ነኝ እያልኩ ሳወራ ኖሬ፣ ለዚያች ወሬ ስል ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላም ስትጠራኝ፣ ታውቃለች፣ አውቃለሁ፣ ግን 'እርግጠኛ ነሽ?' አልኳት።" ወደ ቨርና ተመለሰ። "አንቺ ለመናገር ግማሽ ቀን ነው የፈጀብሽ። እኔ ይኸው ዛሬ ነው የተናገርኩት።"

ቨርና እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። አንዱ ጀማሪ እስክሪብቶ ጣለ፣ ማንም አላነሳውም።

"ይቀመጡ፣ ኮች" አለችው፣ በዚያ በአውቶቡስ ድምፅዋ። "ትምህርቱ አላለቀም።"

ተቀመጠ።